እንግዴ ልጅ ግድግዳ አይደለም

አል ዋርቃ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት ስሠራም ሆነ አሁን በበጎ ፈቃድ እህቶችን ሳማክር፣ ስለ እርግዝና ሁለት አባባል ደጋግሜ እሰማለሁ። አንዱ «ልጁ ተሸፍኖ ነው ያለው፣ ያንቺ ክኒን እሱ ጋ አይደርስም» ይላል። ሌላው «ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ምንም መድኃኒት እንዳትነኪ» ይላል። እኔ ሁለቱም እየጎዱን ነው ባይ ነኝ።

እንግዴ ልጅ መርጦ ነው የሚያሳልፈው። ስኳርና ብረትን ተቀብሎ ለልጁ ያደርሳል። ከቴታነስ ክትባት የምናገኘውን መከላከያም ያካፍለዋል። እንደ ኢንሱሊንና ሄፓሪን ያሉ ትልልቅ መድኃኒቶች ግን አያልፉም ማለት ይቻላል። አልኮል፣ ካፌይንና አብዛኞቹ ክኒኖች ያልፋሉ። ማለፍ ማለት ግን መጉዳት ማለት አይደለም። ፓራሲታሞል ያልፋል፤ ሆኖም ሐኪሞች ለነፍሰ ጡር ትኩሳትና ሕመም በልኩ የሚያዙት በአብዛኛው እሱኑ ነው። ብሩፊን ግን ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ የልጁን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ፊት የሚያቀላ ክሬም ውስጥ ሜርኩሪ ካለም ወደ ልጁ ይደርሳል።

ይሄ ሁሉ እንዴት ታወቀ? ነፍሰ ጡር ላይ መድኃኒት መሞከር ከባድ ስለሆነ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ ፈለጉ። እናትየዋ ከፈቀደች፣ እኛ አገር ቤት የምንቀብረውን እንግዴ ልጅ ልክ እንደተወለደ ይወስዱታል። በእናትና በልጅ በኩል ቀጫጭን ቱቦ አስገብተው ለሰዓታት ፈሳሽ ያዘዋውሩበታል። መድኃኒቱን በእናት በኩል ጨምረው፣ በልጅ በኩል ምን ያህል እንደወጣ ይለካሉ። ሌላው መንገድ በወሊድ ጊዜ የእናትን ደም ከእትብት ደም ጋር ማወዳደር ነው። የአይጥ እንግዴ ልጅ ከሰው ስለሚለይ በእንስሳ ሙከራ ብቻ መተማመን አይቻልም። ታሊዶማይድ የተባለው ማስታገሻ በጀርመን ከ1957 እስከ 1961 ሲሸጥ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወልደዋል።

ቱቦውም ቢሆን ሁሉን አይመልስም። የሚጠናው የተወለደ ልጅ እንግዴ ልጅ ነው፤ የልጁ አካል የሚሠራው ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ስለዚህ እናቶችን ራሳቸውን መከታተል የግድ ነው። በ2018 ቦትስዋና ውስጥ ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት እየወሰዱ ካረገዙ 426 እናቶች የ4ቱ ልጆች የአንጎልና የአከርካሪ አፈጣጠር ችግር ታየባቸው፤ ዓለም ደነገጠ። ክትትሉ ቀጥሎ በሺዎች የሚቆጠሩ እናቶች ሲታዩ ግን ከሌሎች እናቶች ልዩነት አልተገኘም። እናቶቹ ባይቆጠሩ ኖሮ በፍርሃት ብቻ ብዙ ሴቶች ጥሩ መድኃኒት በቀረባቸው ነበር።

የእኛ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የቤት ሠራተኛ እርግዝናዋን ትደብቃለች፤ ማዳም ትልከኛለች ብላ ትፈራለች። ስለዚህ ከጓደኛ ሻንጣ የተገኘ ክኒን ትውጣለች፣ ወይም የሚጥል በሽታና የአስም መድኃኒቷን በራሷ ታቆማለች። ይሄኛውም አደጋ ነው፤ ያልታከመ በሽታ ልጁንም ይነካል። «አትደብቂ» ብሎ መምከር ብቻውን አይበቃም። ሐኪም ጋ መሄድ ሥራ የሚያሳጣ እስከሆነ ድረስ ሳይንሱ እኛ ጋ አይደርስም።

ስለዚህ መብትሽን እወቂ። በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው 15 ቀን ከሙሉ ደሞዝ ጋር ነው፣ የሐኪም ማስረጃ ግን ያስፈልጋል። ያላገባሽ ከሆንሽ የልጁ ምዝገባ ላይ የሕግ ጣጣ ስላለ ጠበቃ ወይም ቆንስላ በጊዜ አማክሪ፤ ሕክምናውን ግን አትተዪ።

ፋርማሲ ስትገቢ አንድ ነገር አስቀድሚ፦ «ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ይህን ያህል ወሬ ነው» በይ። የምትወስጂውን መድኃኒት ሁሉ ማሸጊያውን ይዘሽ ሂጂ። «ወደ ልጁ ያልፋል? ካለፈስ ምን ያደርገዋል?» ብለሽ ጠይቂ። መልስ ማግኘት ለማዳምም ለሠራተኛም እኩል መብት ነው።