የወባ ምርመራ ከማይክሮስኮፕ ወደ ሌዘር፦ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምን ይዞ ይመጣል?

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያሉት ወራት አርሶ አደሩ የመኸር ሰብሉን የሚሰበስብባቸው ናቸው። ማሽላው፣ በቆሎው፣ ሰሊጡና አኩሪ አተሩ የሰው ጉልበት በሚሹበት በዚሁ ወቅት የወባ ስርጭትም ከፍ ይላል። በሽታው በጊዜ ያልታወቀለት አርሶ አደር ከአዝመራው ይስተጓጎላል፤ ሲብስም ሕይወቱን ያጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7 ነጥብ 3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል። ደም ሳይቀዳ በሌዘር ብርሃን ወባን የሚለይ መሣሪያ መሞከሩ እንደ አሶሳ ላሉ ቆላማ አካባቢዎች ትልቅ ትርጉም የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ወባን በብርሃን መፈለግ ግን አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ወታደራዊ ሐኪም አልፎንስ ላቬራን እ.ኤ.አ. በ1880 አልጄሪያ ውስጥ የታማሚ ደም በማይክሮስኮፕ ሲመረምር የወባን ተውሳክ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ትኩረቱን የሳበው በተውሳኩ ውስጥ የነበረው ጥቁር ቅንጣት ነው። ቅንጣቱ ሄሞዞይን ይባላል፤ ተውሳኩ የቀይ ደም ሕዋስን ሄሞግሎቢን ከተመገበ በኋላ የሚተወው ዝቃጭ ነው። ዛሬም በጤና ጣቢያዎች የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ጊምሳ በተባለ ቀለም የተነከረ ደም 1,000 ጊዜ አጉልተው ተውሳኩን ይፈልጋሉ።

ማይክሮስኮፕ በማይደርስባቸው ጤና ኬላዎች አገልግሎቱን የሚሸፍነው ፈጣን የወባ መመርመሪያ ነው። ከእነዚህ መመርመሪያዎች ብዙዎቹ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት የሚያመነጨውን ኤችአርፒ 2 የተሰኘ ፕሮቲን የሚለዩ ናቸው። ይሁንና በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች 12,572 ሰዎችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ፕሮቲኑን የሚያመነጨው ዘረመል የጠፋባቸው ተውሳኮች መሰራጨታቸውን አመልክቷል። በዚህ ምክንያት ከመቶ የፋልሲፓረም ሕሙማን ወደ አሥር የሚጠጉት በመመርመሪያው ሊታለፉ እንደሚችሉ ተገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው እንዲቀየር የሚመክረው ከመቶ አምስት ሲያልፍ ነው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በጥናቱ ባይካተትም ከአማራ ክልል ጋር ይዋሰናል፤ በእርሻና በወርቅ ቁፋሮ ሥራም ሰዎች ከየአካባቢው ይመጡበታል።

የሌዘሩ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው ከፕሮቲኑ ይልቅ የሚፈልገው ላቬራን ያየውን ጥቁር ቅንጣት ነው። ሳይቶፎን የተባለው መሣሪያ እጅ ላይ ባለ የደም ሥር አቅጣጫ ከቆዳ በላይ አጫጭር የሌዘር ጨረሮችን ይልካል። ሄሞዞይን ከጤናማው ደም የበለጠ ብርሃን ስለሚመጥ በቅጽበት ይሞቃል፤ ሲሞቅም ይሰፋና ጆሮ የማይሰማው የድምፅ ሞገድ ይፈጥራል። ቆዳ ላይ የተቀመጠው መቀበያ ሞገዱን ይመዘግባል። መርፌም የደም ጠብታም አያስፈልግም። ዘረመሉ የጠፋበት ተውሳክም ቢሆን ሄሞዞይን ከማፍራት አያመልጥም።

መሣሪያው በካሜሩን 20 የወባ ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል። ወባ ካለባቸው መቶ ሰዎች 90ውን የማግኘት ብቃት አሳይቷል። ከሌለባቸው መቶ ሰዎች በትክክል የለየው ግን 69ኙን ነው። በሌላ አነጋገር 31 ጤነኞች ሳያስፈልጋቸው የወባ መድኃኒት ሊሰጣቸው፣ የትኩሳታቸው እውነተኛ መንስኤም ሳይፈለግ ሊቀር ይችላል። ከዚህ በተጨማሪ ገና ለጋ የሆነ ተውሳክ የሚይዘው ሄሞዞይን ጥቂት ነው። ተውሳክ መኖሩን ማወቅም ብቻውን በቂ አይደለም፤ ቫይቫክስ የተባለው ዓይነት በጉበት ተደብቆ ስለሚያገረሽ ሕክምናው ከፋልሲፓረም ይለያል።

ስለሆነም ሌዘሩ በቅርቡ የማይክሮስኮፕን ቦታ ይወስዳል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ይበልጥ የሚጠቅመው ከጤና ጣቢያ ርቀው በሰፋፊ እርሻዎችና በባህላዊ ወርቅ ማውጫ ስፍራዎች የሚውሉ ሠራተኞችን በፍጥነት ለመለየት ሊሆን ይችላል። በተለይ ከደጋ የሚመጡት የቀን ሠራተኞች ወባን የመቋቋም አቅማቸው አነስተኛ ነው።

ለክልሉ አስቀዳሚው ጥያቄ ታዲያ ዛሬ በእጅ ያለው መሣሪያ በአግባቡ ይሠራል ወይ የሚለው ነው። ሌንሱ በሻጋታና በአቧራ የደበዘዘ ማይክሮስኮፕ ተውሳኩን ይሰውራል፤ ሥልጠናው ያልታደሰ ባለሙያም ያልፈዋል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በዚሁ ክልል ጉባ ላይ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የኃይሉ መዳረሻ ከፋብሪካዎች አልፎ የገጠር ላቦራቶሪዎችንም ማካተት ይኖርበታል። ማይክሮስኮፕን ማስጠገን የከበደው ጤና ተቋም ነገ ሌዘር ቢሰጠው በአግባቡ ሊጠቀምበት አይችልም።

አርሶ አደሩና የከተማው ነዋሪም ቴክኖሎጂው እስኪደርስ የሚያደርጉት አለ። ትኩሳት ሲጀምር በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር፣ ሳይመረመሩ መድኃኒት አለመውሰድና የታዘዘውንም መጨረስ ይገባል። በጤና ኬላ የተደረገ ምርመራ ወባ የለም ቢልም ትኩሳቱ ካልለቀቀ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ በማይክሮስኮፕ መታየት ያስፈልጋል። በአዝመራ ወቅት ለዚህ የሚጠፋው ግማሽ ቀን፣ ሕመሙ ሲጸና ከሚባክነው የሳምንታት ጉልበት ያነሰ ነው።