ይድረስ ለኦሃሎ ሁለት፦ ስለ እንክርዳዱ አመሰግናለሁ

ይድረስ ለኦሃሎ ሁለት፣
የገሊላ ባሕር ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ

እኔ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር የተወለድሁ የገበሬ ልጅ ነኝ።

አንቺ የጥንት ሰዎች ሰፈር ነሽ፤ ዕድሜሽ 23,000 ዓመት ግድም ነው ይላሉ። ከቅርንጫፍና ከሣር የተሠሩት ስድስት ጎጆዎችሽ ተቃጠሉ፤ ኋላም ባሕሩ ሞልቶ ዋጠሽ፣ ደለል አለበሰሽ። ያረረውን ፍሬ አየር የማይደርስበት ጭቃ እንደ ጎተራ ጠበቀው። እ.ኤ.አ. በ1989 የባሕሩ ውኃ እጅግ ሲጎድል ብቅ አልሽ። አርኪዮሎጂስቱ ዳኒ ናደልና ባልደረቦቹ ቆፍረው፣ አፈርሽን አጥበው 150,000 ያህል የዕፅዋት ቅሪት አገኙ፤ ዓይነቱ ከ140 ይበልጣል። የዱር ገብስ፣ የዱር ስንዴና ሲናር አለበት። ከአንዱ ጎጆ ወለል በተገኘው ወፍጮ ድንጋይ ላይ የገብስ ስታርች ተጣብቆ ነበር። ወለሉ ላይ ደግሞ በምድጃው ዙሪያ ሣር ተጎዝጉዟል፤ እኛ ቡና ስናፈላ ቄጠማ እንደምንጎዘጉዘው።

ከሁሉ ይልቅ የማመሰግንሽ ግን ስለ እንክርዳዱ ነው። እናቴ ደጃፍ ተቀምጣ፣ ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ከስንዴው እንክርዳድ ስትለቅም እያየሁ አደግሁ። ካልተለቀመ ዳቦው ራስ ያዞራላ! የለቀመችውን አመድ ላይ ትደፋዋለች፤ ዞሮ የሚያየው የለም።

አንቺ ዘንድ ያ የሚደፋው ምስክር ሆኖ ቆመ። አረም ሰው የነካካውን መሬት ይወዳል። እንክርዳድና መሰሎቹ ከገብሱ ጋር መገኘታቸውን ያዩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎችሽ በትንሹም ቢሆን እህል መዝራት ሳይሞክሩ አልቀሩም አሉ። ይህም እርሻ ተጀመረ ከሚባልበት ዘመን 11,000 ዓመት ያህል ቀድሞ መሆኑ ነው። በማቴዎስ ወንጌል የእንክርዳዱ ምሳሌ የተነገረው እዚያው ባሕር ዳር ነው፤ ያኔ አንቺ ከነእንክርዳድሽ ውኃው ሥር ተኝተሽ ነበር።

በአገሬ ለአራሹ ይዘፈናል፤ ለለቃሚዋ የዘፈነ አልሰማሁም። አንቺን ካወቅሁ ወዲህ ግን እናቴ የደፋችውን ሳልረግጥ ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ፤ ከዚያም ሰፌዱን ተቀብያት አብሬያት እለቅማለሁ።

ሰላም ሁኚ።
የገበሬዋ ልጅ፣ ከቢቸና