«ማጥቃት የለበትም»፦ የካርድ ጨዋታ ሕግ ስለ ድንጋጌ አጻጻፍ ምን ያስተምረናል?

ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለውን የካርድ ጨዋታ ለታናሽ ወንድሜ ሳስተምር የካርዶቹን ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነብለት ነበር። ከካርዶቹ አንዱ ፓሲፊዝም ይባላል፤ በአንድ ፍጡር ላይ ሲውል ያ ፍጡር እንዳያጠቃና የሌላውን ጥቃት እንዳይመክት ያግደዋል። እኔ ይህን «ፍጡሩ ማጥቃት የለበትም፤ መመከትም የለበትም» ብዬ ተረጎምሁት። ወንድሜ ተራው ሲደርስ በዚያው ፍጡር አጠቃኝ። ስቃወመው መልሱ አጭር ነበር፦ «ማጥቃት የለበትም አልህ እንጂ ማጥቃት አይችልም አላልህም። ግዴታ ከሌለበት ምርጫው የእኔ ነው።»

ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእርሱ አልነበረም። በአማርኛ «መክፈል የለበትም» ስንል «እንዳይከፍል ተከልክሏል» ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ «ባይከፍልም አይጠየቅም» ማለታችንም ሊሆን ይችላል። በንግግር ጊዜ የድምፅ ቃናና የነገሩ ሁኔታ ሁለቱን ይለያቸዋል። በጽሑፍ ድንጋጌ ውስጥ ግን ቃናው አብሮ አይታተምም። በእኔ እምነት የጥቃት ሕግና የካርድ ውጤት፣ ማለትም በተለምዶ የልጆች መዝናኛ ተደርጎ የሚታየው ነገር፣ ድንጋጌ ለሚጽፉና ድንጋጌን ወደ ኮምፒውተር ፕሮግራም ለሚቀይሩ ሰዎች እጅግ ጠቃሚ የጥናት መስክ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ምክንያቱን ለማሳየት ይሞክራል።

ሕግ በመጽሐፍ፣ ሕግ በካርድ

ማጂክ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ነው። የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ በዚያው ዓመት ከፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ በኮምቢናቶሪያል ሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኘ የሒሳብ ሰው ነው። የጨዋታው ልዩ ጠባይ ሕጉ በአንድ መጽሐፍ ተጽፎ የማያልቅ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ካርድ የራሱን ትንሽ ድንጋጌ ይዞ ወደ ጠረጴዛው ይቀርባል። የተለያዩት ካርዶች ቁጥር ዛሬ ከ20,000 በላይ ስለሆነ፣ የትኛው ካርድ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ አስቀድሞ ቆጥሮ መወሰን የሚችል ሕግ አውጪ የለም።

የጥቃቱ መደበኛ ሥርዓት ቀላል ነው። የጥቃቱ ምዕራፍ አምስት ደረጃዎች አሉት፦ መክፈቻ፣ አጥቂዎችን ማሳወቅ፣ መካቾችን ማሳወቅ፣ ጉዳት ማድረስና መዝጊያ። አንድ ፍጡር ለማጥቃት ካርዱ ቀጥ ብሎ የቆመ መሆን አለበት፤ ሲያጠቃ ካርዱ ወደ ጎን ይጋደማል። በዚያው ተራ ወደ ጨዋታው የገባ ፍጡር በተለመደው ሁኔታ አያጠቃም። ከዚህ በኋላ የሚመጡት ግን ልዩ ሁኔታዎች ናቸው። አንዱ ፍጡር በገባበት ተራ እንዲያጠቃ ይፈቀድለታል። ሌላው ሲያጠቃ ካርዱ አይጋደምም። በራሪው ፍጡር በሌላ በራሪ ወይም ወደ ላይ መድረስ በሚችል ፍጡር ካልሆነ በቀር አይመከትም።

እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲገናኙ ጨዋታው የማይፈርሰው ለምንድን ነው? ቃላቱ ረቂቅ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ግጭት ሲፈጠር ማን ለማን እንደሚለቅ አስቀድሞ ስለተነገረ ነው።

አራት ቃላትና ቅደም ተከተላቸው

የመጀመሪያው መርሕ ካርድና አጠቃላይ ሕግ በቀጥታ ሲጋጩ ካርዱ ይበልጣል የሚል ነው። የሕግ ተማሪ ይህን ወዲያው ያውቀዋል፤ ልዩ ሕግ ከአጠቃላይ ሕግ ይቀድማል የሚለው አሮጌ መርሕ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ፈቃድና ክልከላ ሲጋጩ ክልከላው ይጸናል ይላል። በገባበት ተራ እንዲያጠቃ የተፈቀደለት ፍጡር ላይ ፓሲፊዝም ቢውል ፍጡሩ አያጠቃም። ፈቃዱ ከክልከላው በፊት ቢመጣም ሆነ በኋላ ውጤቱ አይለወጥም።

ሦስተኛው መርሕ ግዴታን ይመለከታል፤ ከሁሉም ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ይህ ነው። አንዳንድ ፍጡራን «የሚቻል ከሆነ በየተራው ማጥቃት አለበት» የሚል ግዴታ ይዘው ይመጣሉ። አንድ ተጫዋች ሁለት ፍጡራን አሉት እንበል፤ አንዱ ይህ ግዴታ አለበት፣ ሌላው ምንም የለበትም። በጠረጴዛው ላይ ያለ ሌላ ካርድ ደግሞ በአንድ ተራ ከአንድ በላይ ፍጡር እንዳያጠቃ ይከለክላል። ተጫዋቹ ሁለቱንም ቢልክ ክልከላውን ይጥሳል። አንዳቸውንም ባይልክ ግዴታውን ይጥሳል። ግዴታ የሌለበትን ብቻ ቢልክም ያው ነው፤ ግዴታው ሊፈጸም ሲችል ሳይፈጸም ቀርቷልና። ስለዚህ ሕጋዊው ጥቃት አንድ ብቻ ነው፤ ግዴታ ያለበት ፍጡር ብቻውን ያጠቃል። መርሑ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፦ ክልከላ ሁሉ ይከበር፤ ከዚያ በኋላ ከግዴታዎች መካከል በቁጥር የሚበዙት ይፈጸሙ።

አራተኛው መርሕ የግዴታን ወሰን ያበጃል። ተቃዋሚው ለእያንዳንዱ አጥቂ ሁለት ማና እንዲከፈል የሚያስገድድ ካርድ ቢኖረው፣ ማጥቃት ያለበት ፍጡር ባለቤት ያን ዋጋ እንዲከፍል አይገደድም። ሊከፍልና ሊያጠቃ ይችላል፤ ባይከፍልና ባያጠቃም ሕግ አልጣሰም። ግዴታው እስከ ኪስ ድረስ አይዘልቅም።

ልብ እንበል፤ እዚህ ላይ አራት የተለያዩ ነገሮች አሉ፦ ይችላል፣ አይችልም፣ አለበት፣ አይገደድም። ለአማርኛ ጸሐፊ ትልቁ ፈተና ሁለተኛውና አራተኛው «የለበትም» በሚል አንድ ቃል ሊገለጹ መቻላቸው ነው። እኔና ወንድሜ የተጋጨነው በዚሁ ቀዳዳ ነበር።

ትንንሾቹ ቃላት

ሌላ ምሳሌ ከጃፓኑ ዩጊዮ ልጨምር። ይህ የኮናሚ የካርድ ጨዋታ በ1999 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን፣ የካርዶቹ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከ2011 ጀምሮ በአዲስ ሥርዓት መጻፍ ጀመረ። በዚህ ሥርዓት ሥርዓተ ነጥብ የሕግ ኃይል አለው። ከሁለት ነጥብ በፊት ያለው የድርጊቱ መነሻ ሁኔታ ነው። ከሁለት ነጥብና ከነጠላ ሰረዝ ጋር በሚመሳሰለው በእንግሊዝኛው ከፊል ማቆሚያ በፊት ያለው ደግሞ ካርዱ ሥራ ላይ በሚውልበት ቅጽበት የሚከፈለው ዋጋ ወይም የሚደረገው ምርጫ ነው። ከእርሱ በኋላ ያለው ውጤቱ ነው። ተቃዋሚው ውጤቱን ቢያከሽፈው እንኳ የተከፈለው ዋጋ አይመለስም። አንድ ምልክት የቱ ዋጋ፣ የቱ ውጤት እንደሆነ ይለያል።

ከዚህም የረቀቀ ነገር አለ። በዚያ ጨዋታ «ይህ ሲሆን» የሚለውና «ይህ ከሆነ» የሚለው ቃል ውጤታቸው ይለያያል። ተጫዋቹ ሊጠቀምበት ወይም ሊተወው የሚችለው ውጤት በ«ሲሆን» የተጻፈ ከሆነ፣ ያ ክስተት ከሁሉም በመጨረሻ የተፈጸመ ነገር መሆን አለበት፤ ከእርሱ በኋላ ሌላ ነገር ከተፈጸመ ዕድሉ ያልፋል። በ«ከሆነ» የተጻፈው ግን አያልፍበትም። ስለዚህ አንድ ካርድ ለሌላ ካርድ ዋጋ ሆኖ ቢጣል፣ በ«ሲሆን» የተጻፈው ፋይዳውን ያጣል፤ በ«ከሆነ» የተጻፈው ይሠራል።

ይህን ወደ አማርኛ ስንመልስ የቋንቋችን ሀብት ራሱ ጥያቄ ያነሣል። «ሲወድቅ»፣ «ከወደቀ»፣ «ቢወድቅ»፣ «የወደቀ እንደሆነ»፣ «በሚወድቅበት ጊዜ» እንላለን። በዕለት አነጋገር ብዙዎቹ ይወራረሳሉ። «ከወደቀ» ሁኔታን ያመለክታል፤ «ከወደቀ በኋላ» ሲባል ግን ጊዜ ይሆናል። «በሚወድቅበት ጊዜ» የጊዜ መልክ ይዞ ሁኔታን ሲናገር እናገኘዋለን። በሕግ መጻሕፍታችን የተለመደው «የሆነ እንደሆነ» ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ወደ ሁኔታ ያደላል። ቋንቋው መለያ አላጣም፤ ያጣነው መለያዎቹን እያንዳንዳቸውን ለአንድ ሥራ የመመደብ ልማድ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ እንዲህ የሚል ይሆናል፦ «ይህ ጥንቃቄ ወዴት አደረሳቸው? የማጂክ ሙሉ የሕግ ሰነድ ከ200 ገጽ በላይ ነው።» እውነት ነው። እንዲያውም በ2019 እ.ኤ.አ. አሌክስ ቸርችል፣ ስቴላ ቢደርማንና ኦስቲን ሄሪክ ባቀረቡት ጥናት በጨዋታው ካርዶች ቱሪንግ ማሽን ሊገነባ እንደሚችል አሳይተዋል። በዚህም መሠረት ተጫዋቾቹ ምንም ምርጫ ባይቀራቸው እንኳ አሸናፊውን አስቀድሞ አስልቶ መናገር የማይቻልበት ጨዋታ ሊኖር ይችላል።

ነገር ግን ይህ ውጤት ለእኔ ተቃራኒውን ያስረዳል። ማረጋገጫው ሊገነባ የቻለው እያንዳንዱ ቀጣይ እርምጃ አንድና የማያሻማ መልስ ስላለው ነው። መድረሻው ሊሰላ ባይችልም መንገዱ አያከራክርም። ከዚህም ሌላ ሕጉ እያደር ብቻ አልወፈረም፤ ተከርክሟልም። በ1999 ውጤቶች የሚፈጸሙበት ቅደም ተከተል በአንድ ወጥ ሥርዓት ተተካ፤ በመጨረሻ የተጠራው በመጀመሪያ ይፈጸማል ተባለ። በ2009 የጥቃት ጉዳት ከዚህ ተራ ወጥቶ ወዲያውኑ እንዲፈጸም ተደረገ። በዚያው ጊዜ አንድን አጥቂ ብዙ መካቾች ሲገጥሙት ጉዳቱ በቅድሚያ በተወሰነ ተራ እንዲከፋፈል የሚያዝዝ ሕግ ገብቶ ነበር፤ ያ ሕግ በ2024 ቀርቷል። ሕግ አውጪዎቹ ያልሠራውን ድንጋጌ ከነስሙ ጠቅሰው አንሥተውታል፤ ከአዲሱ ጎን እንዲያዘግም አልተዉትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ «ሕይወት ጨዋታ አይደለም። ሕግ በቅን ልቡና መተርጎም አለበት እንጂ እንደ ካርድ ፊደል በፊደል መቆጠር የለበትም።» የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1732 ውሎች በቅን ልቡና እንዲተረጎሙ ማዘዙ ተገቢ ነው፤ እኔም ዳኛን በማሽን ለመተካት አልከራከርም። ይሁን እንጂ ቅን ልቡና የሚያስፈልገው ሰዎች ሊያስቡት ላልቻሉት ነገር ነው። «የለበትም» ስንጽፍ ክልከላ ይሁን ነፃነት ሳንለይ ቀርተን ሸክሙን በዳኛው ላይ ብንጥል፣ ያ ስንፍና እንጂ ቅንነት አይደለም። ዳኛ ዘንድ ለመድረስ ጊዜና ገንዘብ ያስፈልጋል፤ የኪራይ ውሉ ላይ «ተከራዩ ይህን ወጪ መክፈል የለበትም» የሚል ቃል ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ የሚከራከረው ከአከራዩ ጋር ብቻውን ነው።

ለእኛ ምን ይበጃል?

የአገራችን ሕጎች የበላይነትን ጥያቄ አልዘነጉትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 የሕገ መንግሥቱን የበላይነት ይደነግጋል። አዋጆቻችንም ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ ክፍላቸው ከእነርሱ ጋር የሚቃረን ሕግ ተፈጻሚ እንደማይሆን ይናገራሉ። ይህ በሕግና በሕግ መካከል ላለ ግጭት መልስ ይሰጣል። በአንዱ ሰነድ ውስጥ ሁለት አንቀጾች፣ አንዱ እያስገደደ ሌላው እየከለከለ ሲገናኙ ግን ይህ ድንጋጌ አይረዳንም። አንባቢ ሰው ከሆነ በማስተዋል ሊያልፈው ይችላል። የአገልግሎት መስጫ መመሪያዎች ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት እየገቡ ባሉበት በዚህ ዘመን ግን አንባቢው ሁልጊዜ ሰው አይሆንም። ፕሮግራም ጸሐፊው ከሁለቱ አንዱን መምረጡ አይቀርም፤ ምርጫውን ማንም ሳያየው የዜጋው መብት በዚያ ይወሰናል።

ስለዚህ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሦስት የጥናት ርዕሶችን እጠቁማለሁ። የሥነ ልሳን ተማሪዎች «ይችላል»፣ «አይችልም»፣ «አለበት»ና «የለበትም» በአማርኛ ድንጋጌዎች ውስጥ በምን ፍቺ እንደሚውሉ ከሰነዶች ሰብስበው ቢያጠኑ፤ የሕግ ተማሪዎች በአንድ ሰነድ ውስጥ ለሚፈጠር የግዴታና የክልከላ ግጭት ግልጽ የቅድሚያ አንቀጽ ቢነድፉ፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችም የአንድን ካርድ ጨዋታ የጥቃት ምዕራፍ በአማርኛ ጽፈው፣ ጽሑፉ ወደ ፕሮግራም ሲቀየር የት የት ላይ እንደሚያሻማ ቢመዘግቡ መልካም ነው። የመጨረሻው ርዕስ በተለይ ርካሽ ቤተ ሙከራ ነው፤ ስሕተት ሲገኝ የሚጎዳ ሰው የለምና። የጥናት ርዕስ የሚያጸድቁ መምህራንም «ጨዋታ» የሚል ቃል ስላዩ ብቻ ወረቀቱን እንዳይመልሱ አደራ እላለሁ።

እኔ የራሴን ድርሻ ጀምሬአለሁ። የወንድሜ ካርድ አሁን «ፍጡሩ ሊያጠቃ አይችልም፤ ሊመክትም አይችልም» ይላል። ግዴታ ለሌለበት ደግሞ «አይገደድም» እንጽፋለን። ከዚያ ወዲህ በዚያ ካርድ አልተከራከርንም።