ሲስተም ሲጠፋ እንጮኻለን፤ ሲስተም ሲያብድስ?

ዛሬ ከዋጋ ወጣ ብለን ስለ ክፍያ እናውራ።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሱ። ለቅዳሜ መጋቢት 7 አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ሰው በሂሳቡ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻለ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዛመተ፣ ኤቲኤም ላይ ሰልፍ ሆነ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ። ያላግባብ የሄደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ620 ሚሊዮን በላይ ተመለሰ፣ ያልመለሱትም ስማቸው ወጣ።

ክርክሩ ሁሉ "ተማሪው ሌባ ነው አይደለም" ላይ አለቀ። እሱን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መልሶታል፤ ያለ ዕዳ የተከፈለ ይመለሳል። የእኛ የነጋዴዎች ጥያቄ ሌላ መሆን አለበት፦ ማሽኑ ለምን ቶሎ አልጠረጠረም?

የሰፈር ባለሱቅ ቢሆን እኩለ ሌሊት ሰልፍ ሲያይ "ዛሬ ምን ተገኘ?" ይላል። ማሽን ግን ጠብቅ ያልተባለውን አይጠብቅም። እያንዳንዱን ወጪ ለየብቻ ሲያየው ደህና ነው፤ እብደቱ የሚታየው የሰዉ ሁኔታ ከወትሮው ሲለወጥ ነው።

አሁን የእህሉም የቡናውም ክፍያ በስልክ እየሆነ ነው። ስለዚህ ዩኒየኖችና ላኪዎች፦

1. አጭር መልእክት ደረሰኝ አይደለም። ሂሳቡን ራሱን ከፍታችሁ እዩ።
2. ማታ ማታ የሚዛኑን ኩንታል በዕለቱ ዋጋ አባዙና ከወጣው ብር ጋር አስተያዩ።
3. አንድ ክፍያ ሁለቴ ከሄደ፣ የማታውቁት ሂሳብ ከገባ፣ ያለ ሰዓቱ ብር ከወጣ፣ ቁም የሚል አንድ ሰው ከወዲሁ መድቡ። ሥልጣኑም ይሰጠው።

"ገበሬው አህያውን ይዞ ቆሞ እንዴት ክፍያ ይቆማል?" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ መጠበቅ ያስመርራል። ግን በስህተት የገባለት ብር ማዳበሪያ ከተገዛበት በኋላ ደጁ ሄዶ መልስ ማለት ይብሳል። እሱ ዕዳ ውስጥ ይገባል፣ ዩኒየኑም አባሉን ያጣል።

ወደ ጥሬ ብር እንመለስ አላልኩም። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚሁ ጋፋት ነው፤ ማሽን አያስፈራንም። ግን መድፍም ቢሆን ተኳሹ ዓይኑን አይጨፍንም እኮ።

እናንተ ጋ ቁም የሚለው ማን ነው? ዛሬውኑ ተነጋገሩበት።

መልካም ገበያ!