ኦቲዝም፣ ዝግመተ ለውጥ እና ከበር የመለስነው ልጅ



ሰሞኑን ወጣቶቻችን አንድ ወሬ በስልክ ሲቀባበሉ ሰንብተዋል፤ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ የሰው ልጅ እዚህ አይደርስም ነበር የሚል። ከዒሻ በኋላ ላንቻ መንገድ ዳር ቆመን ስንጫወት አንዱ «ኡስታዝ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው?» አለን።

ወሬው ከሜዳ የመጣ አይደለም። የካምብሪጁ ሳይመን ባሮን ኮኸን እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከ70,000 እስከ 100,000 ዓመት በፊት የሰውን ፈጠራ ያስጀመረው የነገሮችን አሠራር እየበረበሩ የማጥናት ዝንባሌ ነው፤ ይህም ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ይጎላል ይላሉ። የዮርክ ዩኒቨርሲቲዋ ፔኒ ስፒኪንስ ደግሞ በ2016 ከባልደረባቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ ማኅበረሰቡ ለየት ላለ ሰው ቦታ መስጠቱ ላይ ያተኩራሉ። ሁለቱም መላምት ናቸው። ከመሬት የወጣ አጥንት ባለቤቱ ኦቲዝም ነበረበት አልነበረበትም ብሎ አይናገርም።

በአደም (ዐ.ሰ) አፈጣጠር ላይ ያለን ዐቂዳ የታወቀ ስለሆነ ዛሬ እሱን አናነሳም። ያልተዋጠልን ሌላ ነው። «ይጠቅሙ ነበርና እናክብራቸው» ከተባለ፣ አሥር ዓመት ሞልቶት አንዲት ቃል ያልተናገረው ልጅስ?

እንዲህ ያለ ልጅ በሰፈራችን አለ። ድምፅ ማጉያው ሲከፈት ጆሮውን በሁለት እጁ ይይዛል። ጎረቤት «ጂን ነው» አለ፤ እኛም አምነን እጁን አስይዘን፣ እያለቀሰ ሩቅያ ቀራንበት። ሩቅያ ሐቅ ነው፤ ልጅን በግድ ይዞ ማስጨነቅ ግን ከየት የመጣ ነው? ከዚያ አንድ ጁሙዓ በሰፎች መሀል ሮጠ፣ አንዱ ጮኸበት። አባቱን ከነልጁ እስከ በሩ የሸኘናቸው እኛው ነን። ለጀመዓው ኹሹዕ ብለን። አባትየው ከዚያ ወዲህ ብቻውን ነው የሚመጣው።

በዚህችው አዲስ አበባ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን የገዛ ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አልይዝ ሲሏቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። «አቡጊዳ ፎነቲክስ» በሚል በራሳችን ፊደል ድምፆች ላይ የቆመ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጅተዋል። እሳቸው በ2021 ከዚህ ዓለም ቢለዩም ማዕከሉ ብዙ ልጆችን ከጓዳ አውጥቷል። እነዚህ ልጆች ለሥልጣኔ ምን ያበረክታሉ ተብሎ አልተጠየቀም።

ሱረቱ ዐበሰ ስለምን እንደወረደች መድረሳ የገባ ሁሉ ያውቃል። በአንድ ወገን እስልምናን ቢቀበሉ ብዙ ይጠቅማሉ የተባሉት የቁረይሽ ሹማምንት፣ በሌላ ወገን ዓይነ ስውሩ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ)። ወቀሳው የወረደው ለማን ሲባል ነበር? ይህን ሱራ ለሕፃናት ስናስቀራ ስንት ዓመታችን፤ በሩ ላይ ግን ትዝ አላለንም።

ባለፈው ሳምንት አባትየው ሱቅ ሄደን ዐውፍ አሉን። ሻይ አስመጡልን። ልጁን መልሰው እንዲያመጡት ስንለምናቸው ትንሽ ዝም ብለው «የኋለኛው ድምፅ ማጉያ ይቀነሳል?» ብቻ ነው ያሉት። ለመስጂዱ ኮሚቴ ነግረናል፤ መልስ እየጠበቅን ነው። እስከዚያው ከኋላ፣ ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ ያለችውን ጥግ ባዶ እንድትተዉልን እንለምናችኋለን።