የብርቅነት ምስክር ማን ነው?

የቤዝቦል ካርዶችን የነደፈው ሳይ በርገር እንደተናገረው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ቶፕስ የተባለው የአሜሪካ ማስቲካ አምራች መጋዘኑን ያጣበቡበትን ካርዶች በጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ አስጣላቸው። ካርዶቹ በ1952 ከማስቲካ ጋር ለልጆች ከቀረበው ባለ 407 ካርድ ስብስብ የተረፉ ነበሩ። ከቁጥር 311 እስከ 407 ያሉት ገበያ የደረሱት የውድድሩ ወራት ሲገባደዱ ስለነበር ፈላጊ አጡ። ዛሬ ሙሉውን ስብስብ ለማሟላት የሚጥሩ ሰብሳቢዎች ብዙ ገንዘብ የሚያፈሱት በእነዚሁ ላይ ነው።

የተለመደው ማብራሪያ ቀላል ነው፦ ባሕር ዋጠው፣ ጥቂት ቀረ፣ ጥቂቱም ተወደደ። ሆኖም ማብራሪያው በዚያው ስብስብ ዕንቁ ላይ ይሰናከላል። የሚኪ ማንትል ካርድ፣ ቁጥር 311፣ በማተሚያው ሉህ ላይ ሁለት ጊዜ የሰፈረ በመሆኑ ከአብዛኞቹ የክፍሉ ካርዶች ይልቅ በብዛት ታትሟል። ይህም ሆኖ በ1991 በ50 ሺህ ዶላር የተሸጠው አንዱ ቅጂ በኦገስት 2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተጫርቷል። በቁጥር ከእርሱ ያነሱት ጎረቤቶቹ አይቀርቡትም። በአንጻሩ የቁጥር 1 ባለቤት አንዲ ፓፍኮ የማንትልን ያህል ዝና አልነበረውም። ልጆች ካርዶቻቸውን በተራ ቁጥር ደርድረው በላስቲክ ሲያስሩ ከላይ የሚውለውና የሚላላጠው የእርሱ ምስል ስለነበር፣ ጠርዙ ያልተጎዳ ፓፍኮ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እዚህ ላይ ብርቅ የሆነው ካርዱ ሳይሆን ንጽሕናው ነው።

ንጽሕና ደግሞ ምስክር ይሻል፤ ምስክርነቱም ይሸጣል። በክፍያ ካርድ መርምረው ከ1 እስከ 10 ደረጃ የሚሰጡት የግል ድርጅቶች ናቸው። ከእነርሱ ስመ ጥሩ የሆነው ፒ.ኤስ.ኤ. በ1991 ሥራ ሲጀምር በመጀመሪያ የመዘነው ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ጋር ይታደሉ ከነበሩት ካርዶች አንዱን፣ የሆነስ ዋግነርን ነበር፤ 8 ሰጠው። በ2013 ቢል ማስትሮ የተባለ አጫራች የዚያን ካርድ ጠርዝ መቁረጡን በፍርድ ቤት አመነ። ለምስክርነት ንግድ ከዚህ የከፋ ጅማሬ ማሰብ ይከብዳል።

የባለቤትነቱ ጉዳይ የበለጠ ያሳስባል። የፒ.ኤስ.ኤ. ባለቤት የሆነው ኩባንያ በ2021 ጎልዲን የተባለውን አጫራች ቤት ገዝቶ በ2024 ለኢቤይ እስኪያስተላልፍ ድረስ መዛኙና አሻሻጩ በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። በዚያው በ2024 ኩባንያው የ12.6 ሚሊዮኑን ማንትል የመዘነውን ተፎካካሪውን ኤስ.ጂ.ሲ.ን ጠቀለለ። ሕግ ተጥሷል ማለት አይደለም። ነገር ግን ክፍያውን ከባለ ዕቃው የሚቀበል መዛኝ ምን ሊያስከትል እንደሚችል በ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ ታይቷል፤ ከዚያ በኋላም የአሜሪካ ኮንግረስ የብድር ደረጃ ሰጪዎችን የሚከታተል ጽሕፈት ቤት እንዲቋቋም በሕግ ደንግጓል።

ካርድ የአዋቂዎች መጫወቻ ነው፣ መንግሥትን ምን አገባው የሚል ይኖራል። መከራከሪያው ለረጅም ጊዜ ትክክል ነበር። የአንድ ካርድ ባለቤትነት በድርሻ ተሸንሽኖ ለአነስተኛ ቆጣቢዎች መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ግን አይበቃም። ቢያንስ መዛኙ ከአጫራቹ ጋር ያለው የባለቤትነት ትስስር በእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ ሊገለጽ ይገባል። ድርጅቶቹ የሚያወጡት የቆጠራ ሰንጠረዥም መፈተሽ አለበት፤ የሚቆጥረው የተሰጡ ደረጃዎችን እንጂ በሰው እጅ ያሉ ካርዶችን አይደለም። ባለቤቱ የተሻለ ደረጃ ፍለጋ ካርዱን ከፕላስቲክ ማቀፊያው አውጥቶ ዳግም ሲያስመዝን፣ የቀድሞው መለያ ወረቀት ካልተመለሰ በስተቀር አንዱ ካርድ በሰንጠረዡ ላይ ሁለት ሆኖ ይቀመጣል።