ኮፍያ የሚጠልፍ መኪና

በጅቡቲ ከተማ የምትኖር አንዲት አንባቢያችን ችግሯን ጽፋልናለች። እኅታችን ከዕቁብ በደረሳት ገንዘብ የጥልፍ መኪና ገዝታ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ምልክት የሚጠለፍባቸውን 24 ኮፍያዎች ተቀበለች። ዳሩ ግን ከመጀመሪያዎቹ 4 ኮፍያዎች 3ቱ ተበላሹባት፤ መርፌው ይሰበራል፣ ክሩ ይበጠሳል፣ ፊደሉም ይጣመማል። የተበላሸውን ከገዛ ኪሷ መተካት ግዴታዋ ስለሆነ፣ «መኪናውን ልሽጠው ወይስ ልታገሥ?» ስትል ምክር ጠይቃናለች።

እኛም መኪናውን ከመውቀስ በፊት አሰናዱን መመርመር ይገባል እንላለን።

የስፌት መኪና ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። በሐረር ጀጎል ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው የሚሠሩበት መንገድ «መኪና ግርግር» የተባለው ከመኪናዎቹ ድምፅ የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ ኮፍያን መጥለፍ ነጠላን ወይም ቀሚስን እንደ መጥለፍ አይደለም። ነጠላ ዝርግ ነው፤ ኮፍያ ግን ክብ ከመሆኑም በላይ ብዙውን ጊዜ በግንባሩ መካከል ወፍራም ስፌት አለበት። ጨርቁ ከታች ካልተደገፈ ከመርፌው ጋር አብሮ ይነሣል፤ መርፌ የሚሰበረውና ክር የሚበጠሰውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ መኪናው በማይነቃነቅና በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ከዚያም ላብ የሚይዘው የውስጥ ጥብጣብ ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ በኮፍያው ውስጥ ደጋፊ ጨርቅ ገብቶ፣ የመካከሉ ስፌት ከመወጠሪያው ምልክት ጋር ይግጠም። ቀበቶው ከጠበቀ በኋላ ግንባሩን በጣት መታ መታ ማድረግ ነው፤ ረግቦ ከተገኘ እንደገና ይወጠር።

ሁለተኛው ነገር ሥዕሉ ነው። ለዝርግ ጨርቅ የተሰናዳ ሥዕል ለኮፍያ አይስማማም። የኮፍያ ጥልፍ ከታች ወደ ላይ፣ ከመካከልም ወደ ግራና ቀኝ መሄድ አለበት፤ አለዚያ ጨርቁ እየተገፋ መካከል ላይ ይጨማደዳል፤ ፊደሉም ይጣመማል። ቁመቱም ከ5 ሴንቲ ሜትር ብዙ ባይበልጥ ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ 75/11 ወይም 80/12 ቁጥር ያለው ሹል መርፌ ይግባ፤ ፍጥነቱም በደቂቃ ከ600 ስፌት አይለፍ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በችኮላ የሚገኘው ትርፍ በተሰበረ መርፌ ይጠፋል። የጥልፉ ጀርባ ሲታይ የታችኛው ክር ከስፋቱ አንድ ሦስተኛውን፣ ያውም መካከሉን ከያዘ፣ የክሩ ውጥረት ደኅና ነው።

ጅቡቲ የባሕር ዳር ከተማ በመሆኗ ጨዋማው አየር ብረትን ያዝጋል። መርፌዎቹ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይቀመጡ፤ መኪናውም ከሥራ በኋላ ተጠርጎ ይሸፈን።

እንግዲህ ለእኅታችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፦ መኪናውን አትሽጥ። 3ቱን የተበላሹ ኮፍያዎችም አትጣላቸው፤ እያንዳንዱን አዲስ ሥዕል መጀመሪያ በእነርሱ ላይ ትሞክርባቸው። ወደፊትም ሥራ ስትቀበል ለመሞከሪያ የሚሆን ትርፍ ኮፍያ እንዲሰጣት፣ ቢበላሽም ኪሳራው የማን እንደሚሆን አስቀድማ ትነጋገር። የእጅ ሙያ ያለ ውል ቤት አያቆምምና።